በሕዋ ውስጥ ምሥራቅ ወዴት ነው?



በሪያድ ከተማ፣ በመንፉሓም ይሁን በበጥሓ፣ ወደ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ወጥቶ ዙሪያውን የተመለከተ ሰው ዲሾቹን ሳያስተውል አይወርድም። ባለቤቶቻቸው በአገር፣ በቋንቋና በሃይማኖት ይለያያሉ፤ ዲሾቹ ግን አብዛኞቹ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አዙረዋል። ዲሽ የሚተክለው ባለሙያ «ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ» እያለ ሲደክም ያየ ሰው፣ አቅጣጫ ማለት ምን ያህል ጥብቅ ነገር እንደ ሆነ ያውቃል። ጥቂት ዲግሪ ቢስት ምስሉ ይጠፋል፤ የአገር ቤት ዜናም አብሮ ይጠፋል።

የአረብሳት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ቆመዋል። ከሪያድ ሆኖ ወደዚያ የሚመለከት ዲሽ ትይዩውን ቢጠይቁት መልሱ አስገራሚ ነው፤ በስተግራው አዲስ አበባ፣ በስተቀኙ መካ ትገኛለች፤ እርሱ ግን በሁለቱ መካከል አሻቅቦ ባዶ ሰማይ ያያል።

ይህ ነገር አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በዚያ ባዶ ስፍራ፣ መሬት በሌለበት፣ ፀሐይ በማትወጣበትና በማትጠልቅበት ሕዋ ውስጥ «ወዲህ» እና «ወዲያ»፣ «ላይ» እና «ታች»፣ «ምሥራቅ» እና «ምዕራብ» ትርጉም አላቸውን? ጥያቄው ለሳይንስ ሊቃውንት ብቻ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን ከአገሩ ርቆ የሚኖርና ሲጸልይ ፊቱን ወደ አንድ ወገን ማዞር የለመደ ሰው ሁሉ ድርሻ አለው። አቅጣጫ ከንቱ ልማድ ከሆነ፣ አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ምሥራቅ ዞረው መቆማቸው ምን ነበር? የእናንተስ ልብ ወደ አንድ ወገን መሳቡ ምንድን ነው?

ከሪያድ የተነሣው መንገደኛ

ጥያቄው በመጽሐፍ ላይ ብቻ አልቀረም። በዚህችው በሪያድ በ1956 እ.ኤ.አ. የተወለደ አንድ ሰው በሥጋው ገጥሞታል። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን ሰኔ 10 ቀን 1977 ዓ.ም. ዲስከቨሪ በተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር፣ ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር ከፍሎሪዳ ተነሣ። ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። ከዐረቦችም ከሙስሊሞችም ወደ ሕዋ የወጣ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። መንኮራኩሯ ከተሸከመቻቸው ሳተላይቶች አንዷ የአረብሳት ሁለተኛ ሳተላይት ነበረች፤ የአረብሳት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤትም በሪያድ ይገኛል። በጣሪያችሁ ላይ ያለው ዲሽና የዚህ ሰው ታሪክ እንዲህ ይገናኛሉ።

ጉዞው የረመዳን ጾም ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው ተጀመረ፤ ኢድም ገና በሕዋ ሳለ ደረሰ። ልዑሉ ከመነሣቱ በፊት ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ካማከራቸው ሊቃውንት አንዱ ሼይክ ዓብዱልዓዚዝ ቢን ባዝ ነበሩ። እኚህ የሪያድ ተወላጅ ገና በወጣትነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ሲሆኑ፣ በኋላ የሳዑዲ ዓረቢያ ዋና ሙፍቲ ሆነዋል። ምድርን ከላይ ሊያይ የተዘጋጀ ወጣት፣ ስለ ጊዜና ስለ ጸሎት ሥርዓት የዓይን ብርሃን የሌላቸውን አረጋዊ ምክር ጠየቀ። ነገሩ በጥሞና ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ችግሩ ምን እንደ ነበር እናስተውል። መንኮራኩሯ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረች በ90 ደቂቃ ገደማ ምድርን ትዞራለች። በአንድ የምድር ቀን ውስጥ ፀሐይ 16 ጊዜ ያህል ትወጣለች፤ 16 ጊዜ ያህልም ትጠልቃለች። በፀሐይ ሰዓት የሚጸልይና የሚጾም ሰው በየትኛዋ ጎህ ይጀምር? በየትኛዋ ምሽት ይፈታ? ጊዜው ሲምታታ አቅጣጫውም አብሮ ተምታታ። የመንኮራኩሯ መንገድ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እስከ 28 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ይደርስ ነበርና፣ በ25 ዲግሪ አካባቢ ያለችው ሪያድ፣ በ21ኛው ያለችው መካ፣ በ9ኛው ያለችው አዲስ አበባ ሁሉም በዚያ መንገድ ክልል ውስጥ ናቸው። መካ በአንድ ዙር ውስጥ በፊት ትሆናለች፤ ጥቂት ቆይታ ከታች፣ ከዚያ ከኋላ፣ ከዚያም ምድር ራሷ በመካከል ገብታ በወዲያኛው ገጽ ትሰወራለች። አንድ ሰው ጸሎት ጀምሮ እስኪጨርስ ቂብላው ከቦታው ይሸሻል።

«ታች» የጠፋበት ክፍል

ብዙ ሰው በሕዋ ውስጥ ክብደት የሚጠፋው የምድር ስበት ስለማይደርስ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ዲስከቨሪ በበረረችበት ከፍታ የምድር ስበት በመሬት ላይ ካለው ዘጠኝ ዐሥረኛ ያህል ይሆናል። ነገር ግን መንኮራኩሯም፣ በውስጧ ያለው ሰውም፣ ከእጁ የወጣችው እስክሪብቶም ሁሉ በአንድነት በምድር ዙሪያ ያለማቋረጥ እየወደቁ ነው። ሁሉም አብሮ ሲወድቅ ማንም ሌላውን አይጫነውም። ወለሉ እግርን መግፋት ያቆማል፤ «ታች» የሚባለውም ስሜት በዚያው ይጠፋል።

የሰው ጆሮ ውስጠኛ ክፍል ራሳችንን ባዘነበልን ቁጥር ወደ ታች የሚሳቡ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉት። በሕዋ ውስጥ እነዚህ ቅንጣቶች የሚነግሩት ነገር ያጣሉ፤ ዓይን አንድ ነገር ይላል፣ ጆሮ ሌላ ይላል፤ ብዙዎቹ ተጓዦች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያጥወለውላቸዋል። በዚያው ጉዞ ላይ የነበረው ፈረንሳዊው ፓትሪክ ቦድሪ ካካሄዳቸው ሙከራዎች አንዱ፣ የሰው አካል ክብደት በሌለበት አቋሙን እንዴት እንደሚይዝ የሚያጠና ነበር። ከዚህም በላይ በዚያ ዘመን እነዚህ መንኮራኩሮች ብዙውን ጊዜ የሚበሩት ጀርባቸውን ወደ ምድር አዙረው ነው። እንግዲህ በውስጡ ላለ ሰው ወለሉ ወደ ከዋክብት፣ ጣሪያው ወደ ምድር ይሆናል ማለት ነው። ስግደት ማለት ግንባርን ወደ መሬት ማድረስ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ መሬት ያለችው ከራስ በላይ ነው።

ሰውየው አቅጣጫ ቢጠፋውም መንኮራኩሯ ግን አልጠፋትም። ዘንበል ማለቷንና መዞሯን የሚለኩ የማያቋርጡ መሣሪያዎች ነበሯት፤ እነዚያም በጊዜ ብዛት በጥቂቱ ስለሚስቱ፣ የታወቁ ከዋክብትን እየፈለጉ የሚያስተካክሏቸው የኮከብ መመልከቻዎች ተገጥመውላታል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፈቻት፣ ከእንጦጦ ትእዛዝ ትቀበል የነበረችው ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችው የመሬት ምልከታ ሳተላይትም በዚሁ ሕግ ትተዳደር ነበር። ተግባሯ እርሻን፣ ደንንና ውኃን ከላይ ማየት ነበርና፣ ምድር በየት በኩል እንዳለች ለአፍታ ብትስት ምስሏ ጥቁር ሕዋ ብቻ ይሆን ነበር።

እንግዲህ የጥያቄያችን የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው። በሕዋ ውስጥ አቅጣጫ አለ፤ ሆኖም «ከምን አንጻር?» ተብሎ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ከምድር አንጻር ላይና ታች አለ። ከጉዞው አንጻር ፊትና ኋላ አለ። ከከዋክብት አንጻር የማይናወጥ ማዕዘን አለ። መልሕቅ ሳይጣል ግን «ወዴት» የሚለው ቃል ባዶ ድምፅ ነው።

ሕዋ የራሱ አቅጣጫ ይኖረው ይሆን?

ሰዎች ይህን መልስ በቀላሉ አልተቀበሉትም። አርስቶትል የዓለም እምብርት ምድር ናት ብሎ ስላስተማረ፣ «ታች» ማለት ወደዚያ እምብርት መሄድ፣ «ላይ» ማለትም ከዚያ መራቅ ነበር፤ አቅጣጫ የዓለም የራሷ ባሕርይ ነበረ። ኮፐርኒከስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ምድርን ከመካከል ሲያነሣት ያ እምብርት ተናጋ። ኒውተን በ1687 ማናቸውም ነገር ቢኖርበትም ባይኖርበትም የማይለወጥ ፍጹም ስፍራ አለ ብሎ አሰበ። በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ ምድር በዚያ ስፍራ ውስጥ ወዴት እንደምትጓዝ በብርሃን ፍጥነት ልዩነት ለመለካት ሞከሩ። መሣሪያቸውን በየማዕዘኑ ቢያዞሩም ይገኛል ያሉት ልዩነት አልተገኘም። አይንሽታይንም በ1905 የብርሃን ፍጥነት በየትኛውም አቅጣጫ አንድ እንደ ሆነ መነሻ አድርጎ አዲስ ትምህርት አቆመ።

በ1965 ደግሞ ፔንዚያስና ዊልሰን ከሰማይ ሁሉ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ አንቴናቸውን ወዴትም ቢያዞሩ ያው ነበር። በኋላ በተደረገ ጥንቃቄ የተሞላበት ልኬት፣ ይህ ጨረር በአንድ ወገን እጅግ በጥቂቱ ሞቅ፣ በተቃራኒው ቀዝቀዝ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱ ግን የሰማዩ ሳይሆን የእኛ ነው፤ ፀሐይ ፕላኔቶቿን ይዛ በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አሰድ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ወገን ስለምትጓዝ ነው። ሰማይ ራሱ «ፊቴ በዚህ በኩል ነው» ብሎ አያውቅም። አቅጣጫ የሚገኘው ተጓዥ ሲኖር ነው።

ሰሜን ደቡብ የነበረበት ዘመን

ይህን ለማመን ወደ ሕዋ መውጣት አያስፈልግም፤ የገዛ ቋንቋችን ቀድሞ መስክሮልናል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳስረዱት፣ «ሰሜን» የሚለው ቃል ጥንት በግዕዝ ደቡብን ያመለክት ነበር። የሰሜን ተራሮች ለአክሱም ሰው በደቡብ በኩል ናቸውና። የመንግሥቱና የሕዝቡ መናገሻ በዘመናት ውስጥ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ተራሮቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ለአዲሶቹ ተመልካቾች ወደ ሰሜን ሆኑ፤ ቃሉም ትርጉሙን ገለበጠ። ራስ ደጀን አንድ ክንድ አልተንቀሳቀሰም። የተንቀሳቀሰው የሚያየው ሰው ነው።

ንግሥተ አዜብም እንዲሁ ናት። አዜብ በግዕዝ ደቡብ ማለት ነው፤ ንግሥቲቱን የደቡብ ንግሥት ያላት በኢየሩሳሌም ቆሞ የሚያያት ሰው ነው። በአገሯ፣ በዙፋኗ ላይ ሳለች፣ ደቡባዊት አልነበረችም።

ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሌላ ሥር አላቸው። ምሥራቅ «ሠረቀ» ከሚለው ግስ፣ ማለትም ከፀሐይ መውጣት፣ ምዕራብም «ዐረበ» ከሚለው፣ ከመጥለቋ የመጡ ናቸው። በምትኖሩበት ከተማ በየዕለቱ የምትሰሙት ዐረብኛ የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው፤ «ሸርቅ» ምሥራቅ፣ «ገርብ» ምዕራብ ይባላል፣ ጀምበር ስትገባ የሚሰማው የመግሪብ አዛንም ስሙን ያገኘው ከመጥለቋ ነው። የመን የሚለው ስም ደግሞ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ከቀኝ እጅ ጋር ይዛመዳል፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ መውጫ ላዞረ ዐረብ ደቡብ በቀኙ ስለሚሆን ነው። እንግዲህ በሴም ቋንቋዎች ውስጥ አቅጣጫ የተወለደው ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ከቆመ ሰው አካል ነው ማለት ይቻላል።

የሊቃውንቱ ፍርድ

ከሪያዱ መንገደኛ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ ጥያቄው በጉባኤ ፊት ቀረበ። ማሌዢያ ሼይክ ሙስዛፋር ሹኮር የተባለውን ሐኪም ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለመላክ ስትዘጋጅ፣ የሳይንስና የሃይማኖት ሊቃውንቷን በ2006 ሰብስባ አወያየች፤ ከዚያም ለሙስሊም ጠፈርተኞች መመሪያ ተዘጋጀ። ሐኪሙም በጥቅምት ወር 2007፣ እርሱም በረመዳን ማብቂያ፣ ወደ ጣቢያው ተጓዘ።

መመሪያው ስለ አቅጣጫ የሰጠው ፍርድ ባለ አራት ደረጃ መሰላል ይመስላል። ተጓዡ ከቻለ ፊቱን ወደ ካዕባ ያድርግ። ካልቻለ ከካዕባ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ በተዘረጋው ሐሳባዊ መሥመር ያድርግ። ይህም ካልሆነ ወደ ምድር ያድርግ። ያም ካልተቻለ ወደ ቻለበት ያድርግ። የጸሎቱ ሰዓት ደግሞ መንኮራኩሩ በተነሣበት ስፍራ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ።

ይህ ፍርድ ድንገት የተፈጠረ አይደለም። ሙስሊሞች በመጀመሪያ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከ624 ወዲህ ወደ መካ ዞረው ይጸልያሉ፤ ስለዚህ ከሩቅ አገር ሆኖ የመካን አቅጣጫ ማወቅ ለዘመናት ታላቅ የሒሳብ ሥራ ነበር። በ11ኛው መቶ ዘመን አልቢሩኒ ዛሬ በአፍጋኒስታን ከምትገኘው ከጋዝና ከተማ ያለውን አቅጣጫ በልዩ ልዩ የጂኦሜትሪ መንገድ አስልቷል። በዚያው ሃይማኖት ውስጥ ግን ለተጓዥና ለሕመምተኛ፣ ለመንገድ ጠፊም የሚራራ ሕግ ሁልጊዜ ነበር። ትክክለኛው ማዕዘን በብርቱ ይፈለጋል፤ ሳይገኝ ሲቀር ግን ጸሎቱ አይቀርም። ከመሰላሉ የምንማረው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ከላይኛው ደረጃ የወረደ ሰው ከመሰላሉ አልወደቀም።

የጥንቱ አገራችን

ወደ ክርስትና ስንመለስ ምሥራቅን እናገኛለን። ከጥንት ጀምሮ ክርስቲያኖች ወደ ምሥራቅ ዞረው ይጸልዩ እንደ ነበር እነ ተርቱሊያኖስና የእስክንድርያው ቀለሜንጦስ ይመሰክራሉ። በግዕዙ ሥርዓተ ቅዳሴ፣ በኦርቶዶክሱም በካቶሊኩም ዘንድ፣ ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡና ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ ያውጃል። በአገራችን ገጠር ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን በውጭ ሲያዩት ፊትና ኋላ የሌለው ይመስላል፤ በውስጡ ግን አገልግሎቱ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይፈጸማል። ሆኖም በሮም ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በሮቹ በምሥራቅ፣ የመቅደሱ ጫፍ በምዕራብ ነው። ልማዱ ጥልቅ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ድኅነትን በማዕዘን አልሰፈረችም።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረው ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ መንፈስ ቅዱስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ መልስ ሰጥቷል። ወደ ምሥራቅ መዞር በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ ከአባቶች የተቀበልነው ልማድ ነው ካለ በኋላ፣ ሁላችን ወደ ምሥራቅ ስንመለከት የጥንት አገራችንን፣ እግዚአብሔር በኤደን በምሥራቅ የተከላትን ገነት እየፈለግን መሆናችንን የሚያውቁት ጥቂቶች እንደ ሆኑ ይናገራል።

የተወደዳችሁ ስደተኞች፣ ይህን ቃል እናንተ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ቅዱሱ ስለ ምሥራቅ ሲናገር ስለ ኮምፓስ አልተናገረም፤ አገሩን ስላጣና አገሩን ስለሚፈልግ ሰው ተናገረ። ነቢዩ ዳንኤልም በባቢሎን ምርኮ ሳለ፣ ወደ ኢየሩሳሌም በሚያዩት መስኮቶቹ ፊት በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ ነበር። ከባቢሎን ኢየሩሳሌም በምዕራብ ናት። ቤተ መቅደሱም በዚያን ጊዜ ፈርሶ ነበር። ዳንኤል ፊቱን ያዞረው ወደ ፍርስራሽ፣ ያውም በምሥራቅ ወዳልሆነ ፍርስራሽ ነው፤ ጸሎቱ ግን ተሰምቷል። ጌታችንም ለሳምራዊቷ ሴት አብ የሚመለክበት ጊዜ በዚህ ተራራም በኢየሩሳሌምም እንደማይወሰን ነግሯታል።

በ2013 ወደ ጠፈር ጣቢያው የሄደው ካቶሊካዊው አሜሪካዊ ማይክ ሆፕኪንስ በቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ቅዱስ ቁርባን ይዞ ሄዷል፤ ምድርን ቁልቁል በሚያሳየው የመስኮት ክፍል ውስጥ ይጸልይ እንደ ነበርም ተናግሯል። ምሥራቅን አላገኘም፤ ምድርን አገኘ። ማሌዢያውያኑ ሊቃውንት በሦስተኛው ደረጃ ያስቀመጡትን ስፍራ እርሱም በራሱ መንገድ ደረሰበት።

የመምረጥ ጸጋ

ጥቅምት 26 ቀን 2017 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከቫቲካን ሆነው በጠፈር ጣቢያው ካሉት ሰዎች ጋር ተነጋገሩ። ሕዋ እንደ «ላይ» እና «ታች» ያሉትን፣ እኛ ሳናስብ የምንቀበላቸውን ነገሮች እንደሚለውጥ ጠቅሰው ምን እንዳስገረማቸው ጠየቁ። ከጠፈርተኞቹ አንዱ በዚያ ላይና ታች እንደሌለ፣ የትኛው ላይ እንደሚሆን ራሱ እንደሚወስን፣ በዚያም ውሳኔ የራሱን ትንሽ ዓለም እንደሚያቆም መለሰላቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ይህ የመወሰንና የመምረጥ ችሎታ በእውነት የሰው የሆነ ነገር ነው አሉ።

መልሱ የጥያቄያችን መደምደሚያ ሊሆን ይችላል። ሕዋ አቅጣጫ አይሰጠንም፤ ድንጋይም በራሱ አቅጣጫ የለውም። አቅጣጫ የሚጀምረው አንድ ፍጡር «ፊቴን ወደዚያ አደርጋለሁ» ሲል ነው። ይህም አቅጣጫን ከንቱ አያደርገውም፤ እንዲያውም ያከብረዋል። በምድር ላይ ፀሐይና ተራራ ያመላክቱን ነበርና ምርጫችን መሆኑን አላወቅንም። ያመላካቹ በጠፋበት ቦታ ፊቱን ያዞረ ሰው ግን የሚወደውን ነገር በፈቃዱ ገለጠ።

ልዑል ሱልጣን ከጉዞው ሲመለስ የተናገረው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ወደ አገሩ ይጠቁም ነበር፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ወደ አህጉሩ፣ በአምስተኛው ግን አንዲት ምድር ብቻ ታየችን ይላል። ይህ ውብ ምስክርነት ነው። ሆኖም እርሱ ባየው ምክንያት መጀመሪያ የጠቆመው ጣት ስሕተት ነበር አንበል። እናቱ በወሎ ወይም በጉራጌ ያለች ሰው፣ ምድር አንዲት መሆኗን ቢያውቅም ጣቱ ቀድሞ ወደዚያች መንደር ይጠቁማል። ሁለቱም እይታዎች እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

በሪያድ የመቅደሱ አቀማመጥ ምሥራቅን የሚያሳያችሁ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የለም። የምትኖሩበት ክፍል መስኮት ወደ ግድግዳ ይከፈት ይሆናል፤ አልጋችሁም ከሌሎች አምስት ሰዎች አልጋ መካከል ይሆናል። ምናልባትም «እዚህ ሆኜ የምጸልየው ጸሎት እንደ አገር ቤቱ ይቆጠራልን?» ብላችሁ ተጨንቃችሁ ታውቃላችሁ። የዳንኤልን መስኮት፣ የሊቃውንቱን መሰላል፣ በመንኮራኩር ውስጥ የተንሳፈፈውንም መንገደኛ አስቡ። ትክክለኛውን አቅጣጫ ማግኘት ከቻላችሁ ፈልጉት፤ ካልቻላችሁ ወደ ቻላችሁበት ዙሩ።

ለማግኘትም አስቸጋሪ አይደለም። ከዚህች ከተማ ኢየሩሳሌም በሰሜን ምዕራብ ናት፤ አዲስ አበባ ከደቡብ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ባለው ወገን ናት። ምሥራቁ በደማም በኩል፣ ባሕረ ሰላጤው ባለበት ወገን ነው። ነገ ጠዋት ለሥራ ስትወጡ ፀሐይ ከዚያ ወገን ስትወጣ ታገኟታላችሁ። ያችው ፀሐይ ጥቂት ቆይታ በእንጦጦ ላይ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ እየገፋች ከእንጦጦ በስተምዕራብ ባሉት የአገራችን ቀበሌዎች ላይ ትወጣለች። እርስዋን ቀድማችሁ የምታይዋት እናንተ ናችሁ። ፊታችሁን ወደ እርስዋ አዙራችሁ አንድ አፍታ ቁሙ፤ ከዚያም ወደ ሥራችሁ ሂዱ።